በዚህ ግንብ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ

ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። እንጀራዬ ሰው ቆሞ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ አንብቦ የተባለውን ሲያደርግ ግን ብዙም አላየሁም። «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብዬ የጻፍኩበት አጥር ሥር የተቆለለውን ያየ ሰው፣ ሥራዬ ምን ያህል እንደሚከበር ይገባዋል። በሕይወቴ የጻፍኩትን ቃል በቃል የፈጸሙልኝ አንድ ሰው አባቴ ናቸው፤ እሱንም ባልፈጸሙት ደስ ባለኝ።

አባባ ግንበኛ ነበሩ። ውሃልክ ከእጃቸው ስለማይለይ ሰፈሩ ጋሽ ውሃልክ ይላቸዋል። ሥራ ካቆሙ በኋላ እንኳ ሰው ቤት ሲገቡ ከወንበሩ በፊት ወለሉን ነው የሚያዩት። በተንጋደደ ጠረጴዛ ላይ ሻይ አይጠጡም፤ ብርጭቆውን በእጃቸው ይዘው ይጨርሳሉ። ድንጋይ በጎደለበት ቦታ እንጨት ሸጉጦ በጭቃ የሸፈነ ረዳታቸውን በዚያው ቀን አሰናብተውታል፤ ይህን ታሪክ እኛ ልጆቻቸው ከፊደል በፊት ነው የተማርነው። እኛ ቤት አባት «አንተ» አይባልም፤ እርስዎ ነው። ያዘዘን የለም። ሰውየውን እያዩ አንተ ማለት ስለሚያስቸግር ነው።

የሠሯቸው ግንቦች አንድ በአንድ ፈርሰው በብሎኬት ተተክተዋል። የቀረው የኛው ነው፤ ከበላያችን ያለው የጎረቤት መሬት እንዳይናድብን የያዘው፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው፣ ከመንገድ የሚታየው ወፍራም ግንብ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ እሱን ማፍረስ ፈለገ። ጋሼ የጭነት መኪና ይነዳል፤ መንገድ ላይ እያሳደረው ጎማ ተሰርቆበታል፣ መስታወቱም ተነቅሎበታል። ግንቡ ፈርሶ በምትኩ ቀጭን ኮንክሪት ቢቆም መኪናው ግቢ ይገባል። ለክቶታል፤ እኔም ተናድጄ ለካሁት፤ ይገባል።

አባባ ሲጠየቁ «እንደፈቀዳችሁ» አሉና እራታቸውን ሳይነኩ ተኙ። በማግስቱ ጠዋት ግንቡ ዘንድ ሄደው መዳፋቸውን ለጥፈውበት ሲቆሙ አየኋቸው። ግንቡ ከፈረሰ በዚህ ምድር ላይ «ይህን እኔ ሠራሁት» ብለው የሚያሳዩት ነገር አይኖራቸውም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ጋሼም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። የሚናገረው ግን ጠፋ።

ዶክተሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሰፈሩ ዶክተር ሲባል ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር፤ ጎረቤታችን ወዲያው ጉልበቷን ልታሳየው መጣች። እሱ ግን የቀንድ አውጣ ዶክተር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጨዋ ስለሆነ ጉልበቷን አየላትና ያማል ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። እሱም አዘነላት፤ በዚህ ተለያዩ።

ግንባችን ሥር የተገኘው ዝናብ አባሮት ሲጠለል ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን አልሄደም። እኔ ስደርስ በሆዱ ተኝቷል። ሰክሮ የወደቀ መስሎኝ ላነሳው ስጎነበስ፣ እጁን አውለብልቦ ዝም በይ አለኝ፤ በገዛ ግቢዬ።

ያገኘው ቀንድ አውጣ ነው። ቡናማ ነው፣ ዛጎሉ ጥምዝ ነው፣ ትልቁ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። በድንጋዮቹ መሐል ያለውን አሮጌ ኖራ እየላሰ ዛጎሉን ይሠራል፤ ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ሽበት ይግጣል። ኖራ ብቻውን አይበቃውም፤ ጥላ ይፈልጋል፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ እርጥበትም ይፈልጋል። ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙት፣ ዶክተሩ እስከፈለገበት ድረስ፣ በኛ ግንብ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ በሆዱ ያልተኛበት ግንብ እንደሌለ ነገረኝ፤ ልብሱን አይቼ አመንኩት። ሲደርቅበት ይህ ፍጡር ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ የተኛው ከሞተው አይለይም። ውሃ ሲነካው ቀንዱን ካወጣ ተኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ካላወጣ አልተኛም ነበር።

አባባ ይህ ሁሉ ሲነገራቸው አዳምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ቀንዱ የታለ?»

ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን ሰጣቸው። አባባ ያኔ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ ጎንበስ ብለው ያዩት የራሳቸውን ሽፋሽፍት ሳይሆን አይቀርም። መነጽሩን መለሱለትና «ይሄ ሰሊጥ ነው» አሉ። ቀንድ የሌለውን ቀንድ አውጣ ብለው ሊጠሩ አልፈለጉም፤ ልክ ያልሆነ ነገር አይወዱም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰሊጥ ሆኖ ቀረ። ዶክተሩ ሳይቀር ስልክ ሲደውል «ሰሊጦቹ ደኅና ናቸው?» ነው የሚለው። ቀንድ አውጣ የሚለው ስም ከቤታችን ጠፋ። ያኔ ይህ ምንም ክፋት ያለው አልመሰለኝም።

ዶክተሩ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተ። መልሱ ቀና ነበር፤ ሰው ይመጣል፣ ያያል፤ ፍጡሩ ግንቡ ላይ በሕይወት ካለ ግንቡ አይነካም፤ ከሌለ ባለቤቱ እንዳሻው ያደርጋል። ጋሼም ተስማማ። ክፉ ሰው አይደለም። «ሰሊጥ ካለ ይኑር» አለ። «ከሌለ ግን በማግስቱ ዶማ አስገባለሁ።» እኔ ለሰሊጡ ያን ያህል ግድ ነበረኝ ብል ውሸት ነው። ግድ የነበረኝ ለአባባ ነው። ሰሊጡ ግን እሳቸው ለራሳቸው ያልተናገሩላቸውን ስለተናገረላቸው፣ ውለታውን ቆጥሬለታለሁ።

ሰውየው እስኪመጣ ግንቡን ማንም እንዳይነካው ታፔላ ያስፈልጋል ተባለ። አባባ በዚያ ሰሞን የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍላቸው እህቴ ዘንድ ሄደው ነበር። ከዶክተሩ ጋር ተጨቃጨቅን። ቆርቆሮ ላይ ልጻፍና ልቸንክረው አልኩ፤ ምስማሩ ኖራውን ያናጋል አለ። እንግዲያው ድንጋዩ ላይ በዘይት ቀለም ልጻፈው አልኩ፤ ዘይቱ ይመርዛቸዋል፣ የውሃ ቀለም ይሁን አለ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የውሃ ቀለም እንደማይዝ ነገርኩት። ለትንሽ ጊዜ ነው አለ። የተማረ ሰው ነው፣ ጨዋም ነው፤ ስለ ቀለም ግን ምንም አያውቅም፤ እኔም ይህን አላልኩትም።

ሲባጎ ወጥሬ፣ በኖራ አስምሬ ጻፍኩ። መስመር በሲባጎ ማውጣትን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፤ ለድንጋይ የሚሆነው ለፊደልም ይሆናል ብለው። ጽሑፉ በአንድ መስመር አልገባ ስላለኝ ሁለት አደረግሁት። የመጀመሪያው ከግንቡ ክፈፍ ሥር ደረቁ ላይ ሆነ። ሁለተኛው፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚለው፣ ዝቅ ብሎ እርጥቡ ላይ አረፈ። ጨርሼ ሄድኩ። የጻፍኩትን ታፔላ ተመልሼ አላነብም፤ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ።

አባባ ዓይናቸው በርቶ ተመለሱ። ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ ማንበብ ያዙ። የሳሙና ካርቶን አነበቡ። የመድኃኒት ብልቃጥ አነበቡ። የጋሼ መኪና በር ላይ ያለውን የጭነት ልክ አንብበው «ከዚህ በላይ ትጭናለህ» አሉት። ቤቱ ውስጥ ሳይነበብ የቀረ ነገር ሲጠፋ ወደ ውጭ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እኔ የዓይን ጠብታው ያደከማቸው መስሎኝ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ይበላሉ፣ ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ እኔን ግን አያዩኝም። የዓይናቸው ሞራ ተገፎ የመጀመሪያ ሥራቸው እኔን አለማየት መሆኑ ከፍቶኛል። ግን አልጠየቅኋቸውም፤ እኔም የሳቸው ልጅ ነኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ዶክተሩ ግንቡን ሊያይ መጣ። እንደ ልማዱ በሆዱ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። አረንጓዴው ሽበት ቢጫ ሆኗል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ድንጋዩ ደርቋል። ሰሊጦቹ ከየስንጥቁ እየረገፉ ሥሩ ላይ ወድቀዋል፤ ሁሉም በራቸውን ዘግተዋል። ዶክተሩ አንዱን መዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከተው። ሊያለቅስ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

ተጠርጣሪ አልቸገረኝም። ጋሼን መኪናው ሥር ተጋድሞ አገኘሁት፤ እግሩን በእግሬ መታ መታ አድርጌ ምን እንዳፈሰሰበት ጠየቅኩት። ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን ጠረገ።

«ሰሊጥ ልግደል ካልኩ» አለኝ፣ «መኪናዬን አስጠግቼ ጭስ አልለቅባቸውም? ምን አደከመኝ?»

አሳማኝ ነበር። ቢሆንም አልተቀበልኩትም፤ አንዴ ተናድጄ ነበር። ቀጥታ አባባ ክፍል ገባሁና ጋሼ ግንብዎን አድርቆታል፣ ነገ ሰውየው መጥቶ የሞተ ነገር ሊያይ ነው፣ አልቆልናል አልኳቸው። አባባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ወንድምሽን ተዪው» አሉ።

ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጨርቁን ፈቱት። የበሬ ቀንድ ነው፤ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ዙሪያውን አሮጌ ኖራ ይዞታል። ፍራሹ ላይ፣ በመሐላችን አስቀመጡት።

«ይኸው» አሉ። «አውጣ አልሽኝ፣ አወጣሁት።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር። እሳቸው ግን እንደሚገባኝ እርግጠኛ ስለነበሩ መናዘዝ ጀመሩ። ግንቡን ሲሠሩት ጋሼ ሊወለድ ነው፣ ክረምቱም ሊገባ ነው። ከበላይ የሚወርደው ውሃ መውጫ ካልተበጀለት ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። መውጫ የሚሆን የብረት ቱቦ ፈልገው አጡ። ከቄራ ቀንድ አምጥተው፣ ጫፉን ቆርጠው፣ አግድም ቀበሩትና ማንም እንዳያየው አፉን በኖራ ከበቡት። ቱቦ ሲገኝ እቀይረዋለሁ ብለው ነበር። ቱቦ ሲገኝ ውሃው በቀንዱ ደኅና ይወርድ ስለነበር ለመቆፈር አፈሩ። እንጨት ሸጎጠ ብለው ሰው ያባረሩት ጋሽ ውሃልክ፣ ምርጡ ግንባቸው በበሬ ቀንድ ነው የሚተነፍሰው።

«እናትሽ እንኳ ብረት ነው ብላ ነው የሞተችው» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው በአዲሱ ዓይናቸው አዩኝ። በስንት ቀን።

«ፊደሉ ያንቺ ነው፤ ባየሁት ጊዜ ወዲያው አውቄዋለሁ። ነውሬን ማግኘትሽ አልከፋኝም። ግን ልጄ፣ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? መንገደኛ በሚያየው ላይ ይጻፋል? ደግሞስ…» ቀንዱን በጨርቁ ጠረግ አደረጉት። «ደግሞስ ‹ያውጡ› አይባልም ነበር?»

ወጥቼ ሄድኩና ታፔላዬን አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር የለም። ውሃው ልሶታል፤ ከሥሩ ነጭ ጥላ ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያው ግን እንደጻፍኩት ቆሟል፤ በትልልቁ፣ በሲባጎ ልክ፣ በገዛ እጄ። በዚህ ግንብ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አባባ ይህን አንብበው መሮና መዶሻ ሲፈልጉ፣ በልጃቸው እንደ ተላላኪ ታዘው ማንም ሳያያቸው ሲቆፍሩ ታየኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ዶክተሩ ለሰሊጦቹ የማለቅስ መስሎት ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ስነግረው ግን እንባዬን ረስቶ «ቀንዱ ነው ውሃውን ያመጣላቸው የነበረው!» አለና እንደገና ወደ ግንቡ ሮጠ።

ለአባባ ተመልሼ አስረዳኋቸው። ሁለት መስመር ነበር፤ አንዱ ጠፋ፤ የምለው ስለ ሰሊጡ ነው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ሰሊጡ ነው ቀንድ አውጣ የሚባለው?»

«አዎ አባባ።»

«ቀንዱ የታለ?» አሉ አሁንም።

«አባባ፣ እኔ እርስዎን አንተ ብዬ አልጽፍም» አልኳቸው። «በሕልሜም አልጽፍም።»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አሉ፤ ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እሳቸውም እንዳላየሁ አይተው ደስ አላቸው።

አባባ ቀዳዳውን የደፈኑት በሲሚንቶ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲረግሙት የኖሩትን ሲሚንቶ ከሰው ለምነው፣ ውሃልክ አስይዘው፣ ልክክ አድርገው ነው የደፈኑት። በዚያው ማታ መልሰን ልንከፍተው ስንል ግን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መሮውን ጋሼ ያዘ። ሲፈለፍል ቆየና «እኔ ልወለድ ስል ነው የተሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ባንተ ምክንያት ነው የተቻኮልኩት አሉት። ጋሼ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው። ቀንዱን አባባ ራሳቸው መልሰው ቀበሩት፣ በኖራ። ወደ ፊት ዘንበል ማለቱን በውሃልክ አዩት። ከውሃልክ ውጪ ሆን ብለው ያዘነበሉት ነገር በሕይወታቸው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጣ። የተወለወለ ጫማ አድርጓል፤ ጭቃ አይቶ ቆመ። ከዚያ ታፔላውን አነበበ።

«የምን ቀንድ ነው የምታወጡት?» አለ።

«ወጥቶ ገብቷል» አለው ጋሼ።

ሰውየው ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀም። ውሃው ከቀንዱ ጫፍ መንጠባጠብ ጀምሯል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ጠቁሯል። ዶክተሩ ከወደቁት አንዱን አንሥቶ እርጥቡ ላይ አስቀመጠ። ተጠባበቅን። ምንም የለም። ሌላ አስቀመጠ። እሱም ምንም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው በትሕትና አዛጋ። ለሱ የሚታየው ትቢያ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለኔም የሚታየኝ ያው ነው። ሦስተኛውም አልተነቃነቀም። ሰውየው ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ «እንግዲህ…» ሲል፣ ጋሼ ክንዱን ያዘው።

«ትንሽ ይታገሱ» አለው። ጋሼ ነው ይህን ያለው፤ ባለ መኪናው።

አባባ አጉሊ መነጽሩን ከዶክተሩ እጅ ወሰዱ። ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እኔ ልደግፋቸው ስል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ከቀንዱ ሥር ያለውን ስንጥቅ፣ እጃቸው ከዓመታት በፊት ኖራ የሞላበትን፣ ዓይናቸውን ጠባብ አድርገው መረመሩት። ጠብታ ወረደች። ሌላ ጠብታ ወረደች። እጃቸው መንቀጥቀጡን ሲያቆም አየሁ።

«አወጣ እንዴ?» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው።

አባባ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳይነቅሉ፣ «አወጡ» አሉ።

ስንት ቢሆኑ ነው ብዬ አጠገባቸው ተንበርክኬ መነጽሩን ተቀበልኳቸው። ስንጥቁ አፍ ላይ፣ ከሰሊጥ ያነሰ ዛጎል፤ ከፊቱ ፀጉር የሚያካክሉ ቀንዶች ወደ ጠብታው ተዘርግተዋል። ግራ ቀኙን ፈለግሁ። አንድ ብቻ ነበሩ።